"ጅማ መቼ ነው የሚጫወተው?"

በ2015 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት በኋላ ጅማ ውስጥ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ደጃፏ ላይ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማዎች ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ ለሽያጭ፣ ግማሾቹ ለደንበኛ መቀመጫ። የትኛው ለየትኛው እንደሆነ የምታውቀው ባለቤቷ ብቻ ናት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ያሳያል። የሚጫወቱት ሁለት ክለቦች ከጅማ ሩቅ ናቸው፤ የሚጫወቱባት ከተማም የሁለቱም አይደለችም። መቀመጫው ባዶ ስለሆነ የአሰልጣኞቹ ጩኸት ቃል በቃል ይሰማል።

ከአጋሮ መንገድ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሻዩን እያማሰለ "ጅማ መቼ ነው የሚጫወተው?" ብሎ ጠየቀ። ባለቤቷ ወደ አስተናጋጁ ዞረች። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ቴሌግራም ላይ ፈለገ፣ ፈለገ፣ ያለፈውን ሳምንት ውጤት አገኘ። የሚቀጥለው ጨዋታ የት እና መቼ እንደሆነ የሚያውቅ በቤቱ ውስጥ አልነበረም። እኔም አላውቅም ነበር፤ ስለ እግር ኳስ የምጽፈው እኔ። ሾፌሩ ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ።

ይህ ጥያቄ ከአምስት ዓመት በፊት በጅማ የሚጠየቅ አልነበረም። ጅማ የሚጫወትበትን ቀን የባጃጁም ግርግር፣ የሱቆቹም በጊዜ መዘጋት ይናገሩ ነበር። ለእኔ ጅማ አባ ጅፋር ከፕሪሚየር ሊጉ ከመውረዱ ይልቅ የከበደኝ ይህ ነው። የወረደ ክለብ ይመለሳል፤ መቼ እንደሚጫወት የማይታወቅ ክለብ ግን ወዴት ነው የሚመለሰው?

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ 2009 የውድድር ዘመን መሄድ ያስፈልጋል። ያን ዓመት ከተማዋን በፕሪሚየር ሊጉ የወከለው ጅማ አባ ቡና ነበር። ከከፍተኛ ሊግ አድጎ መጣ፣ አንድ ዓመት ቆየ፣ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ወረደ። በዚያው ዓመት ሌላው የከተማዋ ክለብ ጅማ ከተማ ከከፍተኛ ሊግ አደገ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ ደረጃው ላይ ሰላምታ የተለዋወጡ ያህል ነው። ያደገው ክለብ ስሙን ለውጦ ጅማ አባ ጅፋር ተባለ፤ ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው እስከ ዛሬ በቆመው ንጉሥ ስም።

ቀጥሎ የሆነውን ጅማ ውስጥ ሕፃን ሳይቀር ይተርከዋል። አባ ጅፋር ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ ጨረሰና በግብ ክፍያ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። ናይጄሪያዊው አጥቂ ኦኪኪ አፎላቢ 23 ግብ አግብቶ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበር። በዋንጫው ምክንያት ክለቡ ወደ አፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ሄደ፤ ጅቡቲ ቴሌኮምን ጥሎ ካለፈ በኋላ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ተገናኘ። ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፈ። በድምር ወደቀ እንጂ አል አህሊን በአንድ ጨዋታ አሸንፏል። ይህን ለማለት የሚችል የኢትዮጵያ ክለብ ብዙ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። አሰልጣኙ ወደ መቀሌ 70 እንደርታ ሄዶ በ2011 እዚያም ዋንጫ አነሳ። የ2012 ውድድር በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 በትግራይ ጦርነት ሳቢያ ሦስቱ የትግራይ ክለቦች ሳይኖሩበት ሊጉ በ13 ክለቦች ሲካሄድ አባ ጅፋር ከሰንጠረዡ ግርጌ ተገኘ፤ ክፍት ቦታዎቹን ለመሙላት በተዘጋጀው የማሟያ ውድድር ለጥቂት ተረፈ። በ2014 ግን የሚያተርፍ ማሟያ አልነበረም፤ ከሰበታ ከተማና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ወረደ። ከዋንጫ እስከ ከፍተኛ ሊግ የፈጀበት አራት ዓመት ብቻ ነው።

የብዙዎቻችን ትንታኔ እዚህ ላይ ወደ ሰው ይዞራል፦ ያኛው አመራር፣ ይኼኛው አሰልጣኝ፣ ያ አጥቂ ባይሸጥ ኖሮ። የአመራር ጥፋት የለም አልልም። ነገር ግን ተመሳሳይ ቁልቁለት በሌሎች ከተሞችም በተደጋጋሚ ሲታይ መመርመር ያለበት ቁልቁለቱ ራሱ ነው።

የአገራችን ሊግ እርከን ለማስረዳት ቀላል ነው። ከላይ ፕሪሚየር ሊግ፣ ከሥሩ ከፍተኛ ሊግ፣ ከዚያ አንደኛ ሊግ፣ ከሁሉም ሥር የክልል ክለቦች ውድድሮች አሉ። ከፍተኛ ሊግ በምድብ ተከፍሎ ይካሄዳል፤ አንዳንድ ዓመት ሁለት ምድብ፣ አንዳንድ ዓመት ሦስት። በጥቅሉ የሚያድገው የምድቡ አንደኛ ነው። ከዓመት ዓመት ቁጥሩ ይለዋወጣል እንጂ በሩ ምንጊዜም ጠባብ ነው፤ በርካታ ክለቦች ለሁለት ወይም ለሦስት ቦታ ይሻማሉ። በእንግሊዝ ሁለተኛ እርከን 24 ክለቦች ተጫውተው ሁለቱ በቀጥታ ያልፋሉ፣ ከእነሱ ቀጥለው የወጡት ደግሞ ለአንድ ተጨማሪ ቦታ ይጋጠማሉ። በዚህም እስከ መጨረሻው ሳምንት የብዙ ከተማ ሕዝብ ልብ ተንጠልጥሎ ይቆያል። እኛ ዘንድ የምድቡ መሪ በሰባት ነጥብ ከራቀ የቀሩት ክለቦች ዓመት በመጋቢት ያልቃል። ከመጋቢት እስከ ሰኔ የሚጫወቱት ለምንድን ነው? ደመወዝ ካለ ለደመወዝ።

በሁለቱ እርከኖች መካከል ያለው ግድግዳ ደግሞ ከበሩ ጥበት ይብሳል። ፕሪሚየር ሊጉን የሚመራው ክለቦቹ በጋራ የመሠረቱት አክሲዮን ማኅበር ነው። የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ውል ከዲኤስቲቪ ባለቤት ከመልቲቾይስ ጋር የተፈረመው፣ ሊጉን በስሙ ያስጠራ ስፖንሰር የተገኘውም በዚህ አሠራር ነው። ከፍተኛ ሊግና አንደኛ ሊግ ግን በፌዴሬሽኑ ሥር ቀሩ። ስለዚህ አንድ ክለብ ሲወርድ ደረጃ ብቻ አይደለም የሚለውጠው፤ አስተዳዳሪም፣ የገቢ ምንጭም፣ የመታየት ዕድልም ይለውጣል። ከላይ ሳለ ከቴሌቪዥን ድርሻ ነበረው፤ ከታች የለውም። በእንግሊዝ ለሚወርድ ክለብ እስከ ሦስት ዓመት የሚዘልቅ የመደገፊያ ገንዘብ ይሰጠዋል። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ የወረዱት ባለጸጎች ከታች ያሉትን ይጫናሉ ተብሎ ይወቀሳል። የእኛ ወራጅ ግን የሚወቀስበት ገንዘብ እንኳ የለውም።

አሁን ወደ ጅማ ልመለስ፤ ጅማ ላይ ነገሩ ከሌላው ከተማ በላይ ያማል፤ ምክንያቱም ጅማ ሜዳ አላት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም በአገሪቱ ካሉት ትላልቆቹ መካከል የሚቆጠር ነው። በ2013 ፕሪሚየር ሊጉ በአንድ ከተማ ተሰባስቦ ጥቂት ሳምንት ተጫውቶ ወደ ሌላ ከተማ የሚዘዋወርበት አሠራር ሲጀመር ከአዲስ አበባ ቀጥሎ ተረኛ የሆነችው ጅማ ነበረች፤ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ ተከተሉ። መነሻው ወረርሽኙና የቴሌቪዥን ቀረጻው ነበር፤ ካሜራውን ከከተማ ከተማ በየሳምንቱ ማንከራተት ይከብዳልና። ወረርሽኙ አለፈ፣ አሠራሩ ግን አላለፈም። ከፍተኛ ሊጉም ያንኑ መንገድ ተከተለ።

ለዚህ አሠራር የሚቀርበውን መከራከሪያ አውቀዋለሁ፣ ከፊሉንም እቀበለዋለሁ። የመንገድ ደህንነት አስተማማኝ ባልሆነባቸው ዓመታት ክለብ በየሳምንቱ አገር አቋርጦ እንዲጓዝ ማድረግ ከባድ ነበር። የሜዳ ጥራትም ችግር ነው፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችንን ብቁ አይደሉም ስላለ ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት ዓመታት አልፈዋል። ይሁን። ነገር ግን ይህ አሠራር የማደግና የመውረድን ትርጉም ከሥሩ አናግቶታል። አንድ ከተማ ክለቡ ሲያድግ ምን ያገኛል? ድሮ ቢሆን ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ከተማው ድረስ መጥተው ይጫወታሉ፤ ሆቴል ይሞላል፣ ትኬት ይሸጣል፣ ልጆች አጥር ላይ ይንጠለጠላሉ። ዛሬ ያደገው ክለብ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ ሆቴል ተከራይቶ ይሰነብታል፣ ደጋፊው በቴሌቪዥን ያየዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ለጅማ ይህ የገንዘብ ጉዳይም ነው። ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ያኔ ከተማዋም ዙሪያዋም በእጇ ጥሬ ገንዘብ አለ። ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከሊሙ የሚመጣው ገበሬና ነጋዴ እግረ መንገዱን ጨዋታ አይቶ የሚመለስበት ወቅት ይህ ነበር። የውድድሩ ዘመን የሚጀምረውም በዚሁ ወቅት አካባቢ ነው። እግር ኳስና ቡና እንዲህ የገጠሙለት ሌላ ከተማ አላውቅም፤ ያውም አንዱ ክለብ አባ ቡና ተብሎ እያለ። ይህን አጋጣሚ በር ላይ ቆሞ ወደ ትኬት ገቢ መለወጥ የሚችል ክለብ ግን ቤቱ መጫወት አለበት።

የትኬት ገቢ ትንሽ ነው፣ ክለብ አያስተዳድርም ይባላል። እውነት ነው። ዋጋው ግን ከብሩ መጠን ይበልጣል፤ ክለቡ ከከተማው ሕዝብ በቀጥታ የሚቀበለው ብቸኛ ገንዘብ እሱ ነው። ሌላው ሁሉ የሚመጣው በመንግሥት በጀት በኩል ነው። የከተማ ስም የያዙት ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በአብዛኛው በከተማ አስተዳደር ገንዘብ ነው፤ ቦርዱን የሚመራውም ብዙ ጊዜ ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ ሲነሳ ቦርዱ ይነሳል፣ ቦርዱ ሲነሳ አሰልጣኙ፣ አሰልጣኙ ሲነሳ ግማሹ ቡድን።

የቀን መቁጠሪያውን ደግሞ ልብ በሉ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሊጎቻችን የሚጠናቀቁት ሰኔ አካባቢ ነው፤ አንዳንድ ዓመት ሐምሌንም ይነካሉ። ክለቡ መውረዱ የሚረጋገጠው የከተማው ምክር ቤት ለሚቀጥለው ዓመት ለመንገድ፣ ለውሃ፣ ለደመወዝ እየደለደለ ባለበት ሳምንት ነው ማለት ነው። እንደ ባለበጀት አስቡት፦ አሁን የወረደ፣ ቴሌቪዥን ላይ የማይታይ፣ ከተማው ውስጥ የማይጫወት ክለብ አለ፤ ወዲህ ደግሞ ዝናብ ያፈረሰው የኮብልስቶን መንገድ አለ። እኔም ብሆን መንገዱን እመርጣለሁ። ከዚያ ክለቡ በነሐሴ የሚያስፈርምበት ገንዘብ ሲያጣ መስከረምን በልመና ያሳልፋል፣ ጥቅምት ላይ ማንም ያልፈለጋቸውን ተጫዋቾች ሰብስቦ ይገባል። ተጫዋቹም የሚፈርመው ለአንድ ዓመት፣ ቢበዛ ለሁለት ስለሆነ ክለቡ ወርዶ እንኳ የሚሸጠው ሰው አይኖረውም፤ ውላቸው አልቆ በነጻ ሄደዋል። ደመወዝ ሳይከፈላቸው ወራት ያለፉ ተጫዋቾች ልምምድ አቆሙ የሚለው ዜና በየዓመቱ ከአንዱ ከተማ የማይጠፋው ለዚህ ነው።

ይህ ግምቴ ልክ መሆኑን ለመፈተን ከአባ ጅፋር መውረድ በኋላ ያደጉትን ክለቦች ተመልክቻለሁ። ለ2015 ያደጉት ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክና ኢትዮጵያ መድን ነበሩ። ለገጣፎና ኤሌክትሪክ በዓመቱ ወረዱ። ለ2016 ያደጉት ሻሸመኔ ከተማ፣ የዱራሜው ሀምበሪቾና ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነበሩ። ሻሸመኔና ሀምበሪቾ በዓመቱ ወረዱ። ከስድስት አራቱ አንድ ዓመት ብቻ ቆይተው ተመለሱ ማለት ነው። የቀሩት ሁለቱስ? ንግድ ባንክ ባደገበት ዓመት፣ በ2016፣ ዋንጫ ወሰደ፤ ልክ እንደ ጅማ። መድን በ2017 ዋንጫ ወሰደ፤ አሰልጣኙም ያው ገብረመድህን ኃይሌ።

ከታች ከመጡት ከእነዚህ ስድስት ክለቦች ወይ ሻምፒዮን የሆነ ወይ ወዲያው የወረደ እንጂ መሃል ላይ ተረጋግቶ የቀረ የለም። ሁለቱ ሻምፒዮኖች የባንክና የኢንሹራንስ ድርጅት ክለቦች ናቸው። ጀርባቸው ላይ ያለው ገንዘብ በምክር ቤት ስብሰባ አይወሰንም። ንግድ ባንክ በ2009 ከአባ ቡና ጋር አብሮ የወረደው ክለብ መሆኑን አስታውሱ። ከአንድ ሰንጠረዥ፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ በር ነው የወጡት። አንደኛው ከሰባት ዓመት በኋላ የአገሪቱን ዋንጫ አነሳ፤ አባ ቡና ዛሬም በ2009ኙ ትዝታ ይኖራል። ኤሌክትሪክም የድርጅት ክለብ ሆኖ ወርዷል፣ ስለዚህ የድርጅት ስም ብቻውን ዋስትና አይደለም። የከተማ ክለቦቹ ሁሉ ግን ሳያልፉ መውረዳቸው አጋጣሚ ነው ብዬ ለመቀበል ይከብደኛል።

ገንዘብ ብቻም እንዳይመስል፣ በጅማ መንገድ ላይ ያለችውን ወልቂጤን ማየት በቂ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚመጣ ሰው ጊቤን ከመሻገሩ በፊት ምሳ የሚበላባት ከተማ ናት። ወልቂጤ ከተማ በ2017 ከፕሪሚየር ሊጉ የወጣው ሜዳ ላይ ተሸንፎ ሳይሆን የክለብ ፈቃድ መስፈርት ሳያሟላ ቀርቶ ነው። በኳስ ሳይወርዱ በወረቀት መውረድም አለ ማለት ነው፤ የወረቀቱ ጉድለት ደግሞ ከሥሩ ሲገላበጥ ያው የጽሕፈት ቤትና የገንዘብ ጉድለት ነው።

ጅማ ውስጥ በየሻይ ቤቱ የሚነሳ አንድ መፍትሔ አለ፦ ሁለቱን ክለቦች አዋሕዶ አንድ ጠንካራ ክለብ ማድረግ። ቀድሞ እኔም ከዚህ ወገን ነበርኩ። የአንድ ከተማ ካዝና ሁለት ክለብ አይችልም ብዬ። አሁን ግን የከተማው ካዝና አንድም ክለብ እንዳልቻለ አይቻለሁ፤ ሁለት ደካሞችን መደመር የበጀቱን መስመር ያሳጥራል እንጂ የገቢውን ምንጭ አያበዛም። የአባ ቡናን ደጋፊ የአባ ጅፋርን መለያ ልበስ ማለት ደግሞ በወረቀት ቀላል ነው። ይልቅስ ሁለቱ በከፍተኛ ሊግ ተገናኝተው ጅማ ላይ ቢጫወቱ የሚሞላው ሜዳ ይታየኛል፤ ያ አንድ ቀን ብቻውን ከብዙ የስፖንሰር ደብዳቤ ይበልጣል።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ የምጀምረው ከዋንጫውም ከአሰልጣኙም አይደለም። ፕሪሚየር ሊጉ ለቴሌቪዥን ሲል መሰባሰቡን ቢቀጥል እንኳ ከፍተኛ ሊግ ወደ የከተሞቹ መመለስ አለበት። ካሜራ የሌለበት ውድድር በካሜራ ምክንያት የሚሰባሰብበት ምክንያት አይገባኝም። ጅማ ከአጋሮ፣ ከቦንጋ፣ ከመቱ፣ ከነቀምቴ ክለቦች ጋር በቅርብ ርቀት ብትመደብ ጉዞው የአንድ ቀን አውቶቡስ ነው፤ የአንድ ወር የሆቴል ኪራይ አይደለም። ሁለተኛው የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች አይወዱትም፦ ከቴሌቪዥን ገቢው ጥቂት መቶኛ ለሚወርዱ ክለቦች ለአንድ ዓመት መመደብ። ነገር ግን ዛሬ ከላይ ያለው ነገ ወራጅ ነው፤ ካደጉት ስድስት አራቱ በዓመቱ በወረዱበት ሊግ ይህ ለሰው የሚደረግ ልግስና ሳይሆን ለራስ የሚገባ ዕቁብ ነው። ሦስተኛው የከተማው ሥራ ነው፤ የክለቡን በጀት ከሊጉ ውጤት ነጥሎ ለሦስት ዓመት አስቀድሞ መወሰን፣ መጠኑ ያነሰ ቢሆንም። አነስተኛ ሆኖ የማይቋረጥ ገንዘብ ለታዳጊ ቡድን ይበቃል፤ አንድ ጊዜ ጎርፎ የሚደርቅ ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ አጥቂ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤቷ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ቴሌቪዥኑ ያው ነው፣ በርጩማዎቹ ጨምረዋል። ባለፈው ጊዜ አስተናጋጁ ልጅ ከካርቶን የቆረጠው ሰሌዳ ላይ በማርከር "የጅማ ጨዋታ" ብሎ ጽፎ፣ ከሥሩ ለቀኑና ለቦታው ሁለት ሳጥን ሠርቶ ግድግዳው ላይ ሰቅሎት አየሁ። ሳጥኖቹ ባዶ ነበሩ። ስጠይቀው "ፌዴሬሽኑ ሲያወጣ እሞላዋለሁ" አለኝና ብርጭቆዬን አንስቶ ወደ ውስጥ ገባ።